የደሙ ማቀዝቀዣ ወደ አንተ ሲደውል

ውድ «ቀስ በሉ»፣

በቅጽል ስምህ የጠራሁህ ድሮ ስትሰማው ትስቅ ስለነበር ነው። ዛሬ ግን የምነግርህ አያስቅም። አንተን ከቀበርን በኋላም የደም ባንካችን ማቀዝቀዣ አንተኑ ሲፈልግ ከርሟል።

ያወቅኩት እናትህን ልጠይቃቸው በሄድኩበት ቀን ነው። ተቀምጠን ስንጨዋወት ከአልጋህ ራስጌ ስልክህ ጮኸ። ለካ ቻርጅ እያደረጉ ያስቀምጡታል። ሮጠው አነሱትና «አቤት ልጄ!» አሉ። ከወዲያ የመለሰው የአንተ ድምፅ ነበር፤ «ሙቀት ጨምሯል፤ ቶሎ ድረሱ።»

ከመቀመጫዬ ብድግ አልኩ። የማሽን ድምፅ ሰው አያስደነግጥም ብለህ ማስጠንቀቂያውን ራስህ እንደቀዳኸው ትዝ ያለኝ ቆይቶ ነው።

«መሞቱን አጥቼው አይደለም» አሉኝ እናትህ። «ግን ድረሱ ይለኛል። የት ልድረስለት?»

በማግስቱ የደም ባንኩን ኮምፒውተር ከፍቼ ማቀዝቀዣው ሲሞቅ የሚደውለውን ሶፍትዌር ሴቲንግ ፋይል ፈለግኩ። ቁጥርህን አገኘሁት፤ በእኔ ቁጥር ተካሁት። የማቀዝቀዣውን በር ከፍቼ ጠበቅኩ። የእኔ ስልክ ዝም። እናትህ ቤት ግን እየጮኸ እንደሆነ ገባኝና በሩን ዘጋሁት።

«ፋይል ማግኘትና ትክክለኛውን ፋይል ማግኘት ለየቅል ናቸው» ትለኝ ነበር። «የቱን እንደሚያነብ ፕሮግራሙን ራሱን ጠይቂው።» ጠየቅኩት። ፕሮግራሙ ሲነሳ የሚጽፈውን መልእክት ሳነብ፣ የነካካሁት ማንም የማያነበው አሮጌ ቅጂ ኖሯል። እውነተኛው ሌላ ፎልደር ውስጥ ነው። እሱን መጀመሪያ ኮፒ አድርጌ አስቀመጥኩ። ከዚያ ቁጥርህን ሳጠፋ በዙሪያው ያለውን ትምህርተ ጥቅስ አብሬ አጠፋሁትና ፕሮግራሙ አልነሳም አለ። ያ ሁሉ ደም ጠባቂ አጣ።

«ምን ነካሽ? ጨረስሽን እኮ!» አለ የላቦራቶሪው ኃላፊ።

ኮፒውን መለስኩ፤ ፕሮግራሙ ነፍስ ዘራ። በሁለተኛው ሙከራ ከቁጥሩ በቀር ምንም አልነካሁም። በሩን እንደገና ከፈትኩ። ስልኬ ጮኸ። «ቶሎ ድረሱ» አልከኝ። ከሞትክ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የደወልክልኝ ያኔ ነው። ከማቀዝቀዣው ጥግ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ እናትህ ደወሉ። «ልጄ ዝም አለኝ። ምን አስቀየምኩት?»

ሁሉንም ነገርኳቸው። ድምፅህን ስልካቸው ላይ ልጫንላቸው አልኳቸው፤ እንዳሻቸው ይሰሙት ዘንድ።

«አይ፣ ልጄ። ዝም ብሎ የሚያወራ ምን ያደርግልኛል? ይሄ እኮ ሲደውል የሚፈልገው ነገር አለው።»

ተመልሼ ፋይሉን ኮፒ አደረግኩና ከእኔ ቁጥር ቀጥሎ የአንተን ጻፍኩ፤ እኔ ካላነሳሁ ወደ እሳቸው እንዲያልፍ። ለእሳቸውም ሲሰሙት እንዲደውሉልን የቢሮውን ስልክ ቁጥር ሰጠኋቸው።

ትናንት ስልኬን ረስቼ ስብሰባ ገባሁ። የቢሮው ስልክ ሲጮህ አንዲት ነርስ አነሳችው። የእናትህ ድምፅ ከጎን እኔ እስካለሁበት ስብሰባ ክፍል ድረስ ይሰማ ነበር። «ልጄ ድረሱ እያለ ነው፤ እናንተ ምን ትሠራላችሁ?» ነርሷ ሮጠች። የማቀዝቀዣው በር ገርበብ ብሎ ነበር፤ ደሙ ግን ተረፈ።

ምንህ እንደሆንኩ እናትህ ጠይቀውኝ አያውቁም። እኛም ተነጋግረን አናውቅም። ድምፅህን ግን ማንም አይቀይረውም፤ እኔ እዚህ እስካለሁ ድረስ።

ከእናትህ አስቀድመህ የምትደውልላት፣
እኔ