አፍንጫዬ ሥር ያለችው ነገር

ኅዳር 6፣ ጠዋት

ዛሬም ጭንብሉ ጉንጬን አትሞት አደረ። ባለቤቴ የሻረግ ቅቤ ቀባችልኝ። ምልክቱ እስኪጠፋ ከቤት አልወጣም፤ ጎረቤት ምን ነካህ ቢለኝ ምን እላለሁ? ደብተሬ፣ የምታውቀው አንተ ነህ፤ አንተና የሻረግ፣ ባ/ዳር ያለችው ነርሷ ልጃችንም። ስተኛ ትንፋሼ ይቋረጥ ነበር አሉ ሐኪሙ። ሌሊት ስታፈን እያደርሁ ነው ቀን ቀን ቃል የሚጠፋኝ። አሁን ማሽኑ ሌሊቱን በቱቦና በአፍንጫ ጭንብሉ አየር ይገፋልኛል።

ድጓውን በቃሌ ሞከርሁት። ጭልጥ ብሎ ጠፍቶኝ የነበረው ቦታ ሁሉ መጣ። ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ አፈርሁ። በሶኬት የሚዘምር መሪጌታ!

ኅዳር 12፣ ከሰዓት በኋላ

የሚካኤል ማኅሌት። አምና በዚሁ በዓል መቋሚያዬን ተደግፌ አንኮራፋሁ፤ ስነቃ የት እንደደረስን ጠፍቶኝ ሌላ ሰው ቀጠለልኝ። ዛሬ አንዲት ፊደል አልሳትሁም።

ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላም ላይ ከበቡኝ። ቄስ ታረቀኝ ከማንኩሳ መጥተዋል። በዕድሜ ይበልጡኛል፤ ቅኔ ቤት አብረን ነው ያደግነው። እሳቸውም ቆመው እያንቀላፉ፣ ቃል እየጠፋቸው ተቸግረዋል። ምን አግኝተህ ነው አሉኝ። እውነቱ ከአፌ አልወጣ አለኝ።

«አፍንጫዬ ሥር ያለች ነገር ናት፤ ማታ ማታ እወስዳታለሁ» አልሁ።

ሰሙ ከየአጥሩ ሥር የምትበቅለው አብሾ፣ ወርቁ ጭንብሌ። ተማሪ ሳለን አእምሮ ትከፍታለች እየተባለ በድብቅ የሚጠጣት ነበር፤ ያበደባትም ነበር። ሁሉም ሰሙን ያዙ። አይ መሪጌታ፣ በዚህ ዕድሜ አብሾ ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ውሸት አልተናገርሁም እያልሁ፣ በቅኔዬ እየኮራሁ ቤቴ ገባሁ።

ኅዳር 15

መብራት ሳይኖር አደረ፤ ማሽኑም አልሠራ። ራሴ ከብዷል፤ የልጅ ልጄን ስም ተሳሳትሁ። ወሬው ግን ፍ/ሰላምን አዳርሷል። ቡሬ ያለ ዘመዴ ደውሎ ትንሽ ላክልን አለ፤ ይቀልድ አይቀልድ አልገባኝም። የሻረግ ተቆጣች። ሰው ሳይጎዳ ተናገር ነው የምትል። ሴት ነገር ታከብዳለች ብዬ ተውኋት።

ኅዳር 19

ቄስ ታረቀኝን በባጃጅ፣ እጃቸውን በነጠላ አስረው ሆስፒታል አመጧቸው። አብሾ ጠጥተው። ሰምቼ ስደርስ ዐይናቸው ፈጧል፤ ከአየር ላይ የሌለ ነገር ይለቅማሉ፤ የሞቱ እናታቸውን ይጠራሉ። እኔን አላወቁኝም።

ሐኪሙ ምን እንደወሰዱ ጠየቀ። ባለቤታቸው እትዬ ጥሩዓለም «መሪጌታ የወሰደውን ነው» አሉና በጣታቸው ወደ እኔ ጠቆሙ። አብሾ ነው አልሁ፤ እሱን እንኳ ተናገርሁ። እኔ ግን ወስጄ አላውቅም የሚለውን ደበቅሁ። ክፍሉ ሙሉ ሰው ያየኛል። ራሴን ጠላሁት።

ኅዳር 21

ከጽዮን ማኅሌት በቀጥታ ወደ ሆስፒታል። ልባቸው ተመልሷል፣ ተመስገን። ይረግሙኛል ብዬ ስፈራ እጄን ያዙኝ። ጎንበስ በል አሉኝ፤ በጆሮዬ፦

«ልኩን ስቼው ነው ጃል። እንዴው አንተ ስንት ፍሬ አድርገህ ነው የጀመርኻት?»

ሲወጡ ሊደግሙት ነው! ቁጥሩ ከአፌ እስኪወጣ ይጠብቃሉ። ዙሪያውን ጠያቂ ተቀምጧል፤ ግማሹ በማኅሌት የሚያውቀኝ። ነገ እነግርዎታለሁ ብዬ ወጣሁ። ወጣሁ እኮ! ደብተሬ፣ አፍ ቢኖርህ ስደበኝ ነበር የምልህ።

ኅዳር 22፣ ማለዳ

አልተኛሁም። ማሽኑን ነቅያለሁ። የሻረግ ነጠላ ላልብሰው አለች፤ አይሆንም አልሁ። በክንዴ አቅፌው፣ ቱቦው እንደተንጠለጠለ፣ በባጃጅ በቤተ ክርስቲያኑ በር በኩል እሄዳለሁ። አልጋቸው አጠገብ ሶኬት አለ፤ ጠያቂው ሁሉ እያየ ጭንብሉን አጠልቃለሁ። ይሳቁ። የእሳቸውም ሕመም እንደኔው ይመስለኛል፤ ምርመራውን ልጄ ባ/ዳር ታመቻችልኛለች።

ከዚያ በፊት ግን በአፌ መናገር አለብኝ፤ ያለ ሰምና ወርቅ። ጓዳ ገብቼ ጮክ ብዬ ተለማመድሁት፦ ቄስ ታረቀኝ፣ እኔ አብሾ ጠጥቼ አላውቅም፤ ታምሜ ነው፤ አፍሬ ነው የደበቅሁዎት፤ እርስዎን ለሞት ያደረስሁ…

የሻረግ ባጃጁ መጣ እያለች ነው።