ዳለቻና ቀኝ እግሬ

ሸዋ ሮቢት፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለሂዳያ
ሎጊያ

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ። እንዴት ነሽ ልጄ? ሙቀቱስ እንዴት ይዞሻል? «የሸዋ ሮቢት ሙቀት ለሎጊያ ሰው ብርድ ነው» እንደምትዪኝ አውቃለሁ፤ ይሁን። እኔ ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ። ማሾው ተለቅሞ ገብቷል፣ ሽንኩርቱ ውሃ ውሃ ይላል፣ ፍየሏም ወልዳለች።

ስልክ እያለ ለምን ደብዳቤ እንዳትዪኝ። ስልክ ላይ ልጄ መሆንሽ ይቀርና ነርስ ትሆኛለሽ። «አባ ስኳርህን ለካኸው? አባ መድኃኒትህን ወሰድክ?» እያልሽ ታፋጥጪኛለሽ፣ እኔም ሁሉ ደህና ነው ብዬ እዘጋዋለሁ። ወረቀት ላይ ግን አታቋርጪኝም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ፤ ሞኙም ወረቀቱም ይኸው።

የምጽፍልሽ ስለ ዳለቻ ነው። ሽጣት እያልሽ ስትጨቀጭቂኝ የኖርሽው ሞተር ክረምቱን ሙሉ በረንዳ ላይ ቆማ ከረመች። መስከረም ጠብቶ መንገዱ ደረቅ ሲል፣ አሊዩ አምባ ወጥቼ እናትሽ መቃብር ላይ ዱዓ ላደርግ አሰብኩ። ያንን ኮረት ባጃጅ አይደፍረውም። እኔ ደግሞ እንደምታውቂኝ መቀመጥ አልችልም፤ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቤቱ ያባርረኛል። ሸራውን ገፈፍኩና ላስነሳት ቆምኩ።

አንቺ ከኋላዬ ተቀምጠሽ ስላደግሽ ከፊት ያለውን ሥራ አታውቂውም። ዳለቻን ማስነሳት እንደ ዛሬ ሞተር በአውራ ጣት መጫን አይደለም። ያላት አንድ ሲሊንደር ብቻ ነው፣ እሱም የጣሳ ያህል ሰፊ። ያ ትልቅ ፒስተን ወደ ላይ ሲወጣ አየሩን ያፍነዋል፤ የታፈነ አየር ደግሞ ግትር ነው። ዝም ብለሽ ከረገጥሻት የማስነሻው ፔዳል ተመልሶ ቁርጭምጭሚትሽን ይሰብራል። እንደ በቅሎ ናት፣ መጀመሪያ መለማመጥ ይፈልጋል። ፔዳሉን ቀስ አድርገሽ እየገፋሽ ግትር የሚልበትን ቦታ በቀኝ እግርሽ ትፈልጊያለሽ። ስታገኚው በግራ እጅ በኩል ያለችውን ትንሽ ማንሻ ትስቢያለሽ፤ እሷ ቫልቩን ከፈት አድርጋ አየሩን ታስተነፍሰዋለች። ፒስተኑን ትንሽ ታሳልፊና ማንሻውን ትለቂያለሽ። ከዚያ ቢስሚላህ ብሎ እስከ ታች መርገጥ ነው።

የሠሯት ጃፓኖች ይህን ለማያውቅ ሰው ብለው በሲሊንደሩ ራስ ላይ፣ በቀኝ በኩል፣ የአዝራር ያህል የመስተዋት መስኮት ሠርተውላታል። ፒስተኑ ልክ ቦታው ሲደርስ ነጭ ምልክት ይታይበታል። ከብት ክትባት ላይ ስንሠራ አዲስ ልጅ ተቀጥሮ ሲመጣ፣ ጎንበስ ብሎ በዚያች መስኮት ሲያጮልቅ እንስቅበት ነበር። «እግር የሌለው በዓይኑ ይረግጣል» እያልኩ የምቀልደው እኔ ነበርኩ።

እዚህ ላይ ተነስቼ አይቻት መጣሁ። ምን እንደማይ እኔም አላውቅም። ቆማለች።

እንግዲህ መስከረም ላይ ፔዳሉን ስገፋው ግትር የሚለው ቦታ ጠፋ። ሲወርድም ሲወጣም ምንም አይለኝም። ስረግጠው እግሬ ተንሸራቶ ፔዳሉ ቅልጥሜን ላጠው። የፔዳሉ ጎማ አልቋል አልኩና አዲስ አለበስኩት፤ አሁንም ተንሸራተትኩ። ካርቡሬተሯን ፈታሁ፣ ካንዴላዋን ቀየርኩ፣ ገጠምኩ፣ እንደገና ፈታሁ። ጥቅምት በዚህ አለቀ። በመጨረሻ የፒስተኑ ቀለበቶች ተበልተው አየሩ እያመለጠ ነው፣ ዳለቻ አረጀች ብዬ ፈረድኩባት። ምግብም አልበላ አለኝ።

ባለፈው ሳምንት ሐሚድን ጠራሁት፤ ያ አብሮሽ የተማረው፣ ባጃጁን ራሱ እየጠገነ የሚነዳው። ገና ከመምጣቱ የዘይቱን ክዳን ከፍቶ «ጋሼ፣ ዘይት የላትም እኮ! ደርቃለች!» አለና ሞላባት። የዳለቻ ዘይት የሚቀመጠው እንደ ባጃጅ ከሞተሩ ሥር አይደለም፤ ላይ ሻንሲዋ ቧንቧ ውስጥ ነው። ቆማ ስትከርም ዘይቱ ወደ ሞተሩ ሆድ ይወርድና ላይኛው ባዶ ይመስላል። አስነስተሽ፣ አሙቀሽ ነው የሚለካው። ይህን እስክነግረው ጠርሙሱን ጨርሶት ነበር።

ቀጥሎ ፔዳሉ ላይ በሙሉ ክብደቱ ወጣበት። ፔዳሉ ግማሽ መንገድ ላይ ቀጥ አለ፣ ልጁም እላዩ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

«ኧረ በአላህ፣ ጋሼ! የምን ቀለበት አለቀ? ድንጋይ እኮ ናት!»

 ማንሻውን ሳብ፣ አሳልፍ፣ ልቀቅ፣ ርገጥ አልኩት። አንዴ ሲረግጣት ተነሳች። ያን ዱግ ዱግ የሚል ድምጿን ስሰማ እንባዬ መጣ፣ አልዋሽሽም። የተረፋትን ዘይት በመተንፈሻዋ እየተፋች በረንዳውን በጭስ ሞላችው። እኔ ግን ወጥቼ ኮርቻዋ ላይ ተቀመጥኩ። ነዳጅ እየሰጠኋት፣ ዓይኔን ጨፍኜ ቫልቮቿን አዳምጥ ጀመር። እንደዚያ ልቤ ካረፈ ስንት ጊዜው!

የሚቃጠል ነገር ሸተተኝ። «ይኸውልህ፣ ያፈሰስከው ዘይት ማርሚታው ላይ እየተቃጠለ ነው!» ብዬ ሐሚድ ላይ ጮህኩበት። የሷ ማርሚታ፣ ጭስ ማውጫ ቱቦዋ፣ ድንጋይና ውሃ እንዳያገኘው ተብሎ በቀኝ በኩል ከፍ ብሎ ነው የሚያልፈው፤ መከለያ ቆርቆሮው ከወደቀ ቆይቷል። ሐሚድ ጨርቅ ይዞ ጎንበስ አለ። ጠብታ ዘይት አልነበረበትም። ቀና ብሎ ፊቴን አየ፣ ተመልሶ ወደ ታች አየ።

«ጋሼ፣ እግርዎ!» አለኝ።

ካልሲዬ ቀልጦ ማርሚታው ላይ ተጣብቋል። እግሬ ውስጡ ነው። አልተሰማኝም፣ ልጄ። ምንም አልተሰማኝም።

ተነስቼ ትንሽ ዞር ዞር አልኩ። አሁን ተቀምጫለሁ።

ቁስሉ ብዙ አይደለም። ጎረቤታችን አስካለ ግን አይታው ጮኸች። «ጋሽ ሱሌይማን፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም! እስከ ቅዳሜ ለሂዳያ ካልነገሯት እኔ እደውልላታለሁ» ብላ ዛተችብኝ። አስካለ የዛተችውን እንደማትተው ታውቂያለሽ። እሷ አጋንና ከምትነግርሽ እኔ አሳንሼ ልንገርሽ ብዬ ነው።

ግን ማሳነሱም አልሆነልኝም። የሰው ከብት እግር ሲመረምር የኖረ ሰው ራሱን እንዴት ያታልላል? በቅሎ እግሯን በመርፌ ስነካት ካልሰበሰበች፣ ለባለቤቱ ሳላባብል ቁርጡን ነበር የምነግረው። ትናንት በሩን ዘግቼ የራሴን ወጋሁት። ከቁርጭምጭሚት በታች የሌላ ሰው እግር ነው። ለካ ዳለቻ አላረጀችም፤ እኔ ነኝ ግትር የሚለውን ቦታ ያጣሁት። ያለጥፋቷ ፈታትቼ አንገላታኋት።

ቁስሉን ያየው ሐኪም ቶሎ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ውጣ ብሎኛል። ሽንኩርቱን ላንሳና አልኩት። ሽንኩርቱ ምክንያት ነው። እፈራለሁ፣ ሂዳያ። በስኳር የተነሳ በሁለት እግሩ ሆስፒታል ገብቶ በአንድ የወጣ ሰው እዚህ አጠገባችን ጀውሃ ላይ አውቃለሁ። ያ ሰው በር ላይ ተቀምጦ መኪና ይቆጥራል። እኔ ደግሞ መቀመጥ አልችልም።

ዳለቻን አልሸጥኳትም። አሁን ጎንበስ ብዬ በመስኮቷ እያየሁ ነው የማስነሳት፤ የሳቅሁባቸው ልጆች ይሳቁብኝ። ከጎኗ ቆሜ በግራ እግሬ መርገጥም ጀምሬያለሁ፣ ዛሬ ጠዋት ተነሳችልኝ። ለምን በግራ ትዪ ይሆናል። ሰው ሁለቱንም ቢያለምድ አይከፋም ብዬ ነው። የኋላ ፍሬኗ ግን በቀኝ እግር ነው የሚያዘው፤ እሱን ገና አላሰብኩበትም።

ሥራሽን ጥለሽ ነይ አላልኩሽም። በሽተኞችሽ ይጠብቁሻል። ለእናትሽ ግን በያለሽበት ዱዓ አድርጊላት፤ ዘንድሮ አልደረስኩላትም።

አላህ ከክፉ ሁሉ ይጠብቅሽ። እጅሽ የነካው በሽተኛ ይዳንልሽ፣ የረገጥሽው መሬት ይለምልምልሽ። ለእኔ የጎደለው ለአንቺ ይሙላልሽ፣ አሚን።

አባትሽ
ሱሌይማን አሊዪ

ይህን የሚያደርስልሽ የጀውሃው የከባድ መኪና ሹፌር አየለ ነው። ጭነቱን አራግፎ እሁድ በሎጊያ በኩል ይመለሳል። ሲመለስ ጋቢናው ባዶ ነው፤ ጠይቄዋለሁ።