«እኔን» ባይ ያጣ ጉልበት

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ከርመሻል እማዬ? የማለዳው ብርድ አልከፋብሽም? ወገብሽስ? ዓይንሽስ የመርፌ ቀዳዳ አላስቸገረውም? የጉልበትሽን ነገር ሆን ብዬ ወደ ኋላ አቆይቼዋለሁ፤ ለምን እንደሆነ ታውቂዋለሽ። እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ።

የክረምት ትምህርታችን ሊያልቅ ነው። ጠዋት ጠዋት ስለ ጥንታዊ ተውኔት እንማራለን፤ ከሰዓት በኋላ የወንበር ስባሪ ከተከመረበት አዳራሽ ገብተን መድረክ ላይ እንለማመዳለን። መምህራችንን «ቀስ በሉ» ብለን ስም አውጥተንላቸዋል፤ ከአፋቸው ሌላ ነገር አይወጣማ። ቀስ ብለሽ ተራመጂ፣ ቀስ ብለሽ ዙሪ፣ ቀስ ብለሽ ሙቺ። ይኼን ለመማር ነው አገር ያቋረጥሽው ስትዪኝ እዚህ ድረስ ይሰማኛል።

የመጣሁ ዕለት የአዳራሹ ደረጃ አዳልጦኝ በጉልበቴ ወደቅኩ። ሰዎቹ ክፉ አይደሉም፤ አይዞሽ አሉኝ፣ አንዷም ደግፋ ልታነሳኝ መጣች። እኔ ግን ቶሎ አልተነሳሁም። ምን እየጠበቅኩ እንደነበር የገባኝ በኋላ ነው። ለካ ያንቺን «እኔን!» ነበር የምጠብቀው። ቤት ሳለን ማናችንም ብንወድቅ መሬት ሳንደርስ እሱ ይቀድመን ነበር፤ ከጓዳ ሆነሽም፣ ከጎረቤት ሆነሽም፣ እንቅልፍ ይዞሽ እንኳ። አንድ ቀን ድመቷ ከቁም ሳጥን ላይ ስትወድቅ «እኔን!» ብለሽ አባዬ የሳቀው ትዝ ይልሻል? ነፍሱን ይማረውና፣ ከዚያ ወዲያ ድመቷን «እህታችሁ» ነበር የሚላት። ያ ሳቁ በጣም ይናፍቀኛል።

የደረሰኝ ድርሻ የንግሥት ነው። ልጄ ቆስሎ ከጦር ሜዳ መጥቶ ደጃፌ ላይ ሲወድቅ ረጅም ግጥም እናገራለሁ። ግጥሙን እንደ ውሃ ጠጥቼዋለሁ፤ «ቀስ በሉ» ግን ቃሉን አነበነብሽው እንጂ ልጅሽ አልወደቀም እያሉ ይመልሱኛል። ባለፈው ሳምንትማ፣ ካልተስተካከልኩ ድርሻውን ለሌላ እንደሚሰጡ ቁርጡን ነገሩኝ። አንቺንና ታናሼን ትቼ የመጣሁት ለዚህ ነው ወይ ብዬ አለቀስኩ።

ትናንት ልጄን ሆኖ የሚጫወተው ጢማም ፀጉር አስተካካይ የገዛ ካባውን ረግጦ የምሩን ተፈጠፈጠ። «እኔን!» ብዬ ዘለልኩ። ዘውዴ ወዲያ ተንከባለለ፤ እኔ የጢማሙን ጉልበት አራግፋለሁ። ሰው ሁሉ በሳቅ ፍርስ አለ። አንዷ፣ ንግሥት «እኔን» ትላለች እንዴ ብትል፣ «ቀስ በሉ» ልጇ ወድቆ ሌላ ምን ልትል ኖሯል አሏት። ወደ እኔም ዞረው ግጥሙን ተይውና ይህችኑ ቃል በዪ አሉኝ። ድርሻው የእኔ ሆኖ ቀረ፤ እሁድ ሕዝብ ፊት እንጫወታለን።

በደስታ ማደሪያዬ ስገባ ታናሼ ደወለች። ዝናብ ካረጠበው የበረንዳ ደረጃ ወድቀሽ ጉልበትሽ በፋሻ እንደታሰረ፣ ትምህርቷን ጥላ ትመጣለች ብለሽ እንዳትነግረኝ እንዳስማልሻት ነገረችኝ። አትቆጫት፤ ሆዷ ምስጢር አይቋጥርም፣ አንቺው ነሽ የወለድሻት። ስትወድቂ ቤት ውስጥ ማንም አልነበረም አለችኝ። ለሁላችንም «እኔን» ስትዪ ኖረሽ፣ ላንቺ የሚል ጠፋ።

ታናሼን ሳሚልኝ፤ ደረጃውን ታድርቅልሽ። አጎቴን እጅ ንሺልኝ፤ ምርኩዙን ለጊዜው ቢያውስሽ ምን አለበት። ያረጀችውን «እህታችንን»ም ዳብሺልኝ። ትምህርቱ እንዳለቀ እመጣለሁ። እሁድ ጢማሙ ሲወድቅ የምጮኸው ለእሱ እንዳይመስልሽ።

እኔን፣ እማዬ። እኔን።

ልጅሽ

ከትምህርት ቤቱ የሴቶች ማደሪያ፣ ነሐሴ ፲፰ ቀን