የጮራ ቡድን ያልተጨረሰ ጨዋታ

ይድረስ ለወንድሜ ለበዛብህ፣

እንዴት ነህ? ወገብህስ እንዴት ሆነ? ባለፈው ስትደውል ድምፅህ ጉንፋን የያዘው ሰው ድምፅ ይመስል ነበር፤ ተሻለህ? ባለቤትህ ወለተሐና ደህና ናት? ልጆቹስ? ትንሹ ትምህርት ቤቱን ለመደው ወይስ አሁንም በር ላይ ያለቅሳል? አዳማ ሞቃለች ሲሉ ሰማሁ። እዚህ ነፋሱ ጀምሯል፤ ጠዋት የጠረግነው አቧራ ማታ ተመልሶ ቤቱ ነው። እኛ ሁላችንም ደህና ነን። እማማን ጉልበቷን ያማታል። ጆሮዋ ግን ደህና ነው፤ ጓዳ ሆና የምጽፈውን ሳይቀር የምትሰማ ይመስለኛል።

ስልክ እያለ ወረቀት ምን አስፈለገ ትል ይሆናል። ስልክ ላይ የጅግጅጋን ነገር ሳነሳ ኔትወርኩ ተቆራረጠ ትለኛለህ። ስለ ሽንኩርት ዋጋ ስናወራ ግን ተቆራርጦ አያውቅም። ስለዚህ ጻፍኩልህ።

ነገሩ እንዲህ ነው። መስከረም ላይ የሐርተሼክ ቡድን ሰዎች መጥተው ያ የ2010 የፍጻሜ ጨዋታ ይጨረስ አሉ። አንድ ለአንድ ሆናችሁ ለእረፍት እንደገባችሁ ከተማው ውስጥ ግርግር ተነሥቶ በዚያው የቀረውን ማለታቸው ነው። ከኛ በኩል ከዜሮ እንጀምር ያለ ሰው ነበር። የነሱ ሽማግሌ አደን ግን እረፍቱ ረዘመ እንጂ ጨዋታው መች አለቀ ብለው ዘጉት። ስለዚህ ኅዳር 14 ቅዳሜ ሁለተኛው አጋማሽ ብቻ ይካሄዳል፤ ያኔ ሜዳ ላይ የነበሩት ሰዎች ይሰለፋሉ፣ የሞተና የማይገኝ ካለ ይተካል ተባለ። ከጨዋታው በፊት የጮራ ቡድን ታሪክ ለሕዝቡ ይነበባል፤ ጻፊ የተባልኩት እኔ ነኝ። ማዘጋጃ ቤት ስጽፍ ስለኖርኩ መጻፍ ትችላለች አሉ። ስለ ኳስ ምን አውቃለሁ? ኦፍሳይድ ምን እንደሆነ አባባ ሲያስረዳኝ ኖሮ ሳይገባኝ ሞተ።

አንተ የምታውቃቸውን ሁለቱን ሽማግሌዎች፣ የመጀመሪያውን በረኛ ጋሽ መልአክንና ልብስ ሰፊውን ሶማሌውን አዴር ሻርማርኬን ይዤ ሱቃቸው በር ላይ ተቀመጥኩ። እነሱን ሰምቼ ስነሳ ከማውቀው የማላውቀው በዛብኝ። ጋሽ መልአክ ቡድኑን የመሠረትነው የወታደር ልጆች ነን ይላሉ። አዴር ሻርማርኬ፣ ኳሱ የናንተ ነበር፣ እግሩ ግን የኛ ነው አሏቸው። ጋሽ መልአክም፣ የአንተ እግር? አንተ የልብስ ስፌት መኪና ከመርገጥ በቀር በእግርህ ምን ሠርተህ ታውቃለህ ብለው መለሱላቸው። የመጀመሪያው ማሊያ አረንጓዴ ነው፣ የለም ሰማያዊ ነው ብለው አንድ ሙሉ ከሰዓት ተከራከሩ። የመጋረጃ ጨርቅ መሆኑ ላይ ብቻ ተስማሙ። አበባ ነበረበት፤ አዴር ሻርማርኬ አበባውን ወደ ውስጥ ገልብጠው ሰፉት። ተጫዋቾቹ ሲያልባቸው አበባው ብቅ ይል ነበርና ተቀናቃኙ የኤረር ቡድን መጋረጃዎች እያለ ይሰድባቸው ነበር አሉ። ከሰዓት ጫታቸውን ይዘው የተስማሙበትን ሁሉ ደግሞ ጠዋት ይክዱታል። ስለዚህ የከሰዓቱን በእርሳስ፣ የጠዋቱን በእስክሪብቶ መጻፍ ጀመርኩ። በእስክሪብቶ የተጻፈው ግማሽ ገጽ አልሞላም።

ጠዋትም ከሰዓትም ያልተካደ አንድ ነገር የጓጉንቸሮቹ ጉዳይ ነው። በድሮ ጊዜ ቡድኑ የነበረው ብቸኛ ኳስ ከዕቃ ቤቱ ጠፋ። የኛ ሰዎች ሶማሌዎቹ ወሰዱት አሉ፣ ሶማሌዎቹ አማሮቹ ሸጡት አሉ። ማን እንደወሰደው እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። ቡድኑ ሊበተን ሲል አዴር ሻርማርኬ ሁለት ጓጉንቸር ገዝተው የዕቃ ቤቱ በር ላይ አንጠለጠሉ። የአንዱ ቁልፍ ከኛ ሰው ዘንድ፣ የሌላው ከነሱ ሰው ዘንድ ሆነ። አንዱ ያለ ሌላው አይከፍትም፣ አንዱ ያለ ሌላው ቆልፎ አይሄድም። ከዚያ በኋላ አንድም ኳስ አልጠፋም። ሁለቱም ጓጉንቸር ከተቆለፈ ሁለቱም ወገን ወደየቤቱ ገብቷል፣ ዕቃ ቤቱ ባዶ ነው ማለት ነው። ይህን የሰፈሩ ሕፃን ሁሉ ያውቃል። የመጨረሻዎቹ ቁልፍ ያዦች አንተና ሱጉሌ መሆናችሁን ጻፍኩ፤ ግድግዳ የሚጋሩ የሁለት ቤት ልጆች ናቸው ብዬ ጨመርኩበት። እዚህ ስደርስ እስክሪብቶዬ ቆመ።

አዳማ የገባህ ሰሞን ስትደውል የነገርከኝን አልረሳሁትም። በእረፍት ጓንትህን ልትቀይር ዕቃ ቤት ገባህ፣ ጩኸት ሰማህ፣ ሱጉሌ በሩን ከውጭ ገፍቶ ቆለፈብህ። የራሱን ብቻ ሳይሆን የኔንም ጓጉንቸር ቆለፈብኝ አልከኝ። ቁልፍህ ኪስህ ውስጥ ነበር፤ ከውስጥ ምንም አይሠራም። ከዚያ የብዙ ሰው ድምፅ፣ ከድምፆቹም መሀል የሱን ሰማህ። ሲጨልም የጣሪያውን ቆርቆሮ ፈልቅቀህ ወጣህ፣ ካራማራን በእግርህ አልፈህ ሐረር ገባህ። ይኸው ስድስት ዓመትህ፤ ወደዚህ ዞር ብለህ አላየህም። እኛም ከነሱ ቤት ጋር ሰላምታ አቆምን። እንደ አክስት ሆነው ሁለታችንንም ያሳደጉን የሱጉሌ እናት ኤዶ ሀምሴና እማማ ወፍጮ ቤት እንኳ በተለያየ ሰዓት ነው የሚሄዱት።

ታሪኩን እጽፋለሁ ብዬ ነው እንጂ ይህን ልጠይቅ አላሰብኩም ነበር። ጠየቅኩ። አሁን የምነግርህን ሁሉ እንደሰማሁት ነው የምነግርህ፤ እኔ ራሴ አልገባኝም።

የሜዳው ዘበኛ ዲሪዬ ከውሃ ታንከሩ ጀርባ ተደብቆ ነበር። ግርግረኞቹ የኛን ሰው እየፈለጉ፣ በረኛው የት ገባ እያሉ ወደ ዕቃ ቤቱ መጡ፤ ከመካከላቸው አንዱ የሰፈራችን ልጅ ነበርና፣ ሁለቱም ተቆልፏል፣ ባዶ ነው ብሎ መለሳቸው ይላል። ጋሽ መልአክ ደግሞ ሱጉሌን ከሰዎቹ ፊት ፊት ሲሄድ በዓይኔ አይቻለሁ፣ መንገድ እየመራቸው ነበር አሉኝ። ዲሪዬን ይህ እውነት ነው ወይ ብዬ ብጠይቀው አዎ፣ መርቷቸዋል አለ። ወዴት ስለው፣ እኔ ታንከር ጀርባ ነኝ፣ አንገቴን አውጥቼ ልይልሽ ነበር ወይ አለኝ።

ከዚያ ሱጉሌ ዘንድ ሄድኩ። የጭነት አይሱዙ ይነዳል አሁን፤ ጎማ ሲቀይር አገኘሁት። ስሜን ጠርቶኝ አያውቅም ከዚያ ወዲህ። ቀና ብሎ አየኝና እንደ ድሮው እንደ እህቱ ጠርቶኝ፣ አባዮ፣ ሰው ሞተ እንዴ አለኝ። አልሞተም፣ ታሪክ ልጽፍ ነው አልኩት። የኔን አትጻፊ ብሎኝ ወደ ጎማው ተመለሰ። በማግስቱም ሄድኩ። በመጨረሻ ብሎኑን እያጠበቀ ተናገረ። ከፊታቸው የሄድኩት እውነት ነው፤ በሩ ላይ ቆሜ ብቀር ለምን እዚህ ቆምክ ይሉኛል፣ ስለዚህ በማደያው በኩል አየሁት ብዬ ይዣቸው ሄድኩ አለ። ሊነጋ ሲል ከእናቴ ጋር ልብሷንና ጂልባቧን ይዘን መጣን፣ የሱን ቁልፍ በበሩ ሥር ተቀብለን ሴት አስመስለን ልናወጣው፤ ጣሪያው ተፈልቅቆ አገኘነው አለ። ተይዞ ይሆናል ብዬ በየሆስፒታሉ ፈለግኩት፤ አዳማ መሆኑን የሰማሁት ከሰው አፍ ነው፣ አንድ ቃል አልላከልኝም አለኝ። እንዲህ ሲል ተናዶ ነበር። አንተ ብቻ የተቀየምክ ይመስለኝ ነበር፤ እሱም ተቀይሞሃል።

ሁለቱንም ጓጉንቸር ለምን ቆለፍክ አልኩት። መልሱ ይህ ብቻ ነበር፦ አባዮ፣ ያን ሰዓት የሠራው እጄ ነው፤ ጭንቅላቴ አልነበረም። ባዶ እንዲመስል አስበህ ነው ወይስ ልማድ ሆኖብህ ብዬ ነዘነዝኩት። ስድስት ዓመት ራሴን የጠየቅኩትን አንቺ በአንድ ጠዋት ልትጨርሺው ነው ወይ አለኝ። ቢዋሽ ኖሮ አስቤ ነው ይለኝ ነበር ብዬ አሰብኩ። ደግሞ፣ ብልህ ውሸታም እንዲህ ነው የሚለው ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ማሰቡን ተውኩት።

ነገሩ እንዲጠራልኝ ኤዶ ሀምሴ ቤት ገባሁ። ስድስት ዓመት ያልረገጥኩት ደጅ ነው፤ የት ከረምሽ ሳይሉኝ ሻይ አቀረቡልኝ። እሳቸው ደግሞ ሊነጋ ሲል አልሄድኩም አሉ። የሄድኩት ገና ሲመሽ፣ ከመግሪብ በኋላ፣ ብቻዬን ነው፤ ሱጉሌ ቤት አልገባም ነበር፣ ቁልፉ ከሱ ዘንድ ነው። ቆርቆሮውን በእጄ እየቧጠጥኩ በዙ፣ በዙ ብዬ ጠራሁት፣ አልመለሰልኝም፤ ሲተነፍስ ግን የሰማሁ መሰለኝ አሉ። ልጅዎ አብረን ሄድን ይላል ብላቸው፣ ያን ቀን ሱጉሌ የበላውን አያውቅ፣ የነገረሽን ያውቃል ወይ አሉኝ። እናትና ልጅ አልተስማሙም። ተማክረው ቢሆን ኖሮ አንድ ነገር አይናገሩም ነበር? እንጃ።

የሰማሁት ይኸው ነው። ፍርድ አትጠብቅብኝ፤ ያለኝ ጥያቄ ብቻ ነው። ያን ማታ በቆርቆሮው በኩል ሴት ጠርታህ ነበር? ሰምተህ ዝም ያልከው ወጥመድ መስሎህ ነው? ሁለተኛው ጓጉንቸር ሲቆለፍ ክህደት ነው ብለህ ሰማኸው። ውጭ ሆነህ ቢሆን ኖሮ ምን ብለህ ትሰማው ነበር? የኛን ቁልፍ ስትይዝ የኖርከው አንተ ነህ፤ ሁለቱም ሲቆለፍ ምን ማለት እንደሆነ ከኔ ይልቅ አንተ ታውቃለህ። እንደ ክህደት ከቆጠርከውም ምክንያት ይኖርሃል፤ ውስጥ የነበርከው አንተ ነህ፣ እኔ አይደለሁም።

የቡድኑ ሰዎች በረኛ አልተኩም። የሰፈራችን ልጅ ዐብዲፈታህ ወጣትም ነው፣ ጓንትም አለው ብዬ ብናገር፣ በረኛ አለን፣ እረፍት ላይ ነው ብለው ሳቁብኝ። ወንድሜ ሆድ አውጥቷል ብላቸው፣ ይሻላል፣ ጎሉን ይሞላዋል አሉኝ። እማማ የጨዋታው ነገር አልገባትም። ሌላ ሰው በረኛ ይሁን፣ እሱ ግን ይምጣ ትላለች። ጉልበቷ አዳማ ድረስ እንደማያደርሳት ታውቃለህ። እኔ ና አልልህም፣ ቅርም አልልህም። የታሪኩን የመጨረሻ ገጽ ግን ባዶ አድርጌ ሕዝብ ፊት ማንበብ አልችልም። መጥተህ አንተ ትናገራለህ፣ ወይም ያ የ2010 ቅዳሜ የሌለ ያህል ዘልዬው አነባለሁ። ዘለልሽው የሚለኝ ሰው አይኖርም፤ ሁሉም ዝም ይላል። ከሁሉ ይልቅ ያ ነው የከበደኝ።

ለወለተሐና ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ የላከችው ነጠላ ለእማማ ልኳ ሆኗል። ሁለቱን ልጆች ሳምልኝ፤ ትንሹን አክስትህ በር ላይ የሚያለቅስ ልጅ አትወድም አለች በለው። እማማ ግንባርህን ስማሃለች። ልጄ ኤቢ አጎቴ ሲመጣ ጓንቱን እኔ እይዝለታለሁ ትላለች። ኤዶ ሀምሴም ሰላም በይልኝ ብለዋል፤ እንዳሉት አድርሻለሁ።

አንድ ነገር ቀርቷል። ይህን ደብዳቤ ያመጣልህ ሱጉሌ ነው። ጭነት ወደ አዳማ እንዳለው ሰምቼ ትወስድልኛለህ አልኩት። ምን ጽፈሻል አለኝ። አንተ ያልከውን ሁሉ፣ ጋሽ መልአክ ያሉትንም፣ እናትህ ያሉትንም አልኩት። እጁን ከግሪሱ ታጥቦ ተቀበለኝ። ፖስታውን ለወለተሐና ሰጥቶ ከመንገዱ ማዶ መኪናው ውስጥ ይጠብቃል፤ ካልወጣ ጭነቴን አራግፌ እመለሳለሁ ብሏል። ጢም አሳድጓል፣ ከስቷል፣ በመስኮት ብታየው ላታውቀው ትችላለህ። መኪናው ሰማያዊ ነው። መንገድ ላይ ሲሆን ምግብ አይቀምስም፣ ዛሬም ሳይበላ ነው የሚደርስህ። ትወጣም እንደሆነ፣ አትወጣም እንደሆነ፣ ብዙ አታቆየው።

እህትህ ሶሲና

ጅግጅጋ፣ ጥቅምት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.