የተሰነጠቀው የድራም ሳህን

ድንቡሼ፣

አዲሱን የነሐስ የድራም ሳህን ይዤ ልምምድ ሄጃለሁ። ቧንቧው አሁንም ያፈሳል፤ ባልዲውን ከሥሩ እንዳታነሳው።

ከሰዓት ጋዜጠኛዋ ትመጣለች። ስማችንን ባስጠራው የፓንክ ሮክ አልበማችን ላይ ያለው የተሰነጠቀ ድምፅ ከየት እንደመጣ ትጠይቅሃለች። እባክህ እንደ ባለፈው "የትውልድ ቁጣ ነው" እያልክ አትቀባጥር። "ቀረጻው ሊጀመር ሲል ሳህኑ ላይ ዘጭ ብዬ ተቀምጬበት ነው" በላት።

ይኸው ዛሬ ድራም የሚመታ ጎረምሳ ሁሉ ያንን ድምፅ ፍለጋ ደህናውን ሳህን በመዶሻ ይሰነጥቃል። ያንተ ቂጥ ስንቱን አሠለጠነ!

ያን ቀን ያወረድኩብህን ስድብ ግን ዝለለው። እኔም ይኸው ስንት ዓመት ዘልዬዋለሁ።

የተሰነጠቀውን ሳህን አልጋህ ላይ ትቼልሃለሁ። ያንተ ነው።

ከመቀመጥህ በፊት ግን እይ።