መኪናዬን ገዝተው የእህቴን ሚኒባስ ላሰሩት ኃላፊ

ለተከበሩ የተሽከርካሪ ምርመራ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ እርስዎ፣ ባለቤትዎና ልጆችዎ በመልካም ጤንነት ላይ እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። ከእኔ የገዟት አሮጌ መኪና ጤና እንደታወከ ግን ከአቤቱታዎ ተረድቻለሁ። እኔ ጥርስ የምነቅል እንጂ ቢሮ የምመራ ሰው ስላልሆንኩ፣ በሁለት ሰዎች መካከል የተደረገ ሽያጭ ቅሬታው በመሥሪያ ቤት ማኅተም እንደሚመጣ አላውቅም ነበርና ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ።

አንደኛ፤ የማርሹን ችግር ደብቆኛል ብለዋል። ክቡርነትዎ፣ ክሊኒኬ በር ላይ ቆመን ሦስተኛ ማርሹ ጠዋት ጠዋት እንደሚያኮርፍ፣ ሞተሩም ዘይት እንደሚጠጣ ነግሬዎት፣ ከመግዛትዎ በፊት መካኒክ እንዲያሳዩ ለምኜዎት ነበር። እርስዎም ለእርስዎ ስለ መኪና ማውራት ለቀባሪው ማርዳት መሆኑን በትዕግሥት አስረዱኝ። ከዚያም የፊት ጎማዋን በጫማዎ ጫፍ መታ መታ አድርገው፣ ክላክሱን አንዴ አስጩኸው፣ ኮፈኑን እንኳ ሳያስከፍቱ ቁልፉን ተቀበሉ። እኔ በሙያዬ አፍ ሳላስከፍት ጥርስ ነቅዬ ስለማላውቅ በችሎታዎ እጅግ ተደነቅሁ።

ሁለተኛ፤ ዘዴው የእርስዎ ብቻ ሳይሆን የመላው መሥሪያ ቤትዎ መሆኑ አድናቆቴን አብዝቶታል። ያችኑ መኪና በየዓመቱ ወደ ግቢዎ ሳመጣ፣ መርማሪዎችዎ ጎማውን በእርግጫ፣ ክላክሱን በጆሮ እየመረመሩ ነበር የሚያሳልፏት። መኪና ከሥሩ የሚታይበት ጉድጓድማ የተሰባበሩ ወንበሮች ማከማቻ ከሆነ ቆየ። ለእኔ ደካማ አእምሮ የከበደው እዚህ ላይ ነው፦ መኪናዋ ለመንገድ ብቁ ካልነበረች ለምን አሳለፏት? ብቁ ከነበረችስ እኔን በምን ከሰሱኝ? እኔ ስነዳት ለከተማው ሕዝብ ሁሉ ደህና የነበረች መኪና፣ እርስዎ ሲቀመጡባት አደገኛ ሆና ተገኘች። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ብሎ የሚተርት ባለጌ አይጠፋም፤ እኔ ግን አልልም።

ሦስተኛውን ስጽፍ ጨዋነቴ ሊያልቅብኝ ስለሚችል አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ታናሽ እህቴ ተማሪዎች የምታመላልስበትን ሚኒባስ ለዓመታዊ ምርመራ ስታቀርብ፣ አንድም ሰው ሳይነካው፣ ወንድምሽ አሮጌ መኪናውን መልሶ እስኪወስድ ከዚህ አይወጣም ብለው አስቁመውባታል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኸው ነው። እህቴ መኪና አልሸጠችልዎትም። ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጆቿን የምታሳድገው በዚያ ሚኒባስ ነው፤ የጎማውን አየር ሳታይ፣ ፍሬኑን ሳትሞክር ከደጇ ወጥታ አታውቅም። በግቢዎ ከቆሙት መኪኖች ሁሉ በወጉ የተመረመረ ቢኖር እሱ ብቻ ነው፤ ያውም በእሷ እጅ። በዚህ ሥራዎ ምክንያት እንደናቅሁዎት በታላቅ አክብሮት እገልጻለሁ።

ልመናዬ አጭር ነው። ወንበሮቹን ከጉድጓዱ ያስወጡ፤ አንድ መርማሪ ይግባበትና ሚኒባሱን ከሥር እስከ ላይ ይየው። እንከን ከተገኘበት ያግዱት፤ እኔው አሠራዋለሁ። ካልተገኘበት ደግሞ ይልቀቁላት። የእኔን ጉዳይ በሚመለከት ፍርድ ቤቱ ሩቅ አይደለም፤ ክሊኒኬ በር ላይ ቆሜ የነገርኩዎትን እዚያም ቆሜ እደግምልዎታለሁ።

ፈጣሪ ረጅም ዕድሜን፣ ሙሉ ጤናን፣ ከተረፈም ጥቂት ኀፍረትን እንዲሰጥዎ እየተመኘሁ፣ ለወንበርዎ እጅ እነሣለሁ፤

ጉድለቷን ነግሮ መኪናውን የሸጠልዎ የጥርስ ሐኪም

ማስታወሻ፦ ይህችን እንዳልጽፍ እህቴ ለምናኝ ነበር። ከተማሪዎቿ አንዷ የእርስዎ የመጨረሻ ልጅ ናት፤ ልጅዎን ማን እንደሚያመላልሳት ባለቤትዎን ቢጠይቁ ይነግሩዎታል። ዛሬ ጠዋት ልጅዎ ሚኒባሱን ስትጠብቅ መንገድ ዳር ብቻዋን ቆማ እህቴ ስላገኘቻት፣ እጇን ይዛ በእግር ትምህርት ቤት አድርሳታለች። ልጅቷ መኪናው የት ሄደ ብላ ስትጠይቃት፣ እህቴ ተበላሽቷል ብላ ዋሸቻት፤ አባትሽ አሰረው ማለት አልሆነላትም።