በእጄ ያሳነስኩት ትርፍ

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 4፣ 2011። ጠዋት 1፡15

ዛሬም ቆሜ ነው የምጽፍልሽ፣ ደብተሬ። ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነስቼ፣ መሐል ከተማ ባቡር ቀይሬ፣ ወንበር የማገኘው የፖቶማክን ወንዝ ስንሻገር ነው። ከዚያ እስከ አሌክሳንድሪያ ሁለት ገጽ የሚያስጽፍ መንገድ።

ባሌ ብ. ምሳዬን ቋጥሮልኛል። ምስር። ረቡዕ መስሎታል። ሥራ ለማይሄድ ሰው ማክሰኞና ረቡዕ ምን ይለያቸዋል። አላረምኩትም።

ብ. የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ነው። አገር ቤት የማከፋፈያ ጣቢያ ያቆመ ሰው። በእኔ የሥራ ቪዛ ጥገኛ ሆኖ ከመጣ አራት ዓመቱ። ጥገኛ ደግሞ መሥራት አይፈቀድለትም፤ ግሪን ካርዱ ሲመጣ ነው የሚፈቀድለት። ኮሪደሩ ላይ ያለውን የጎረቤት መብራት በነጻ ጠግኖ፣ ሳምንት ሙሉ ስለ እሱ አወራኝ። የግሪን ካርዱን ጉዳይ የያዘችው ጠበቃ በቅርቡ መልስ ይመጣል ብላለች። ደረስኩ።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 6። በምሳ ሰዓት

መልስ አይደለም የመጣው። ጥያቄ ነው።

ጠበቃዋ መ/ቤት ደውላ ጋሼ መስፍን ስልኩን ሁለታችንም እንድንሰማ ከፈቱት። ጋሼ የምሠራበት የሒሳብ ቢሮ ባለቤት ናቸው፤ የአባቴ የሥራ ባልደረባ ነበሩ፤ ማመልከቻውን ያስገቡልኝም እሳቸው። ኢሚግሬሽን የሚለው እንዲህ ነው። ለዚች ሒሳብ ሠራተኛ፣ መንግሥት ለዚህ ሥራ በዚህ አካባቢ የቆረጠውን ደመወዝ እከፍላለሁ ብለሃል። ዛሬ የምትከፍላት ከዚያ ያንሳል። ካርዱ ሲመጣ ልትጨምርላት ትችላለህ፤ ነገር ግን ካመለከትክበት ቀን ጀምሮ አቅሙ እንደነበረህ አሳየኝ። የአምናውን የታክስ ወረቀትህን አምጣ።

ጠበቃዋ ወረቀቱን እያየች ነበር። የተጣራው ትርፍ በጣም ትንሽ ነው አለች፤ የደመወዙን ልዩነት እንኳ አይሸፍንም። ማን ነው የሠራው?

ጋሼ ወደ እኔ አላዩም። ደግነታቸው።

እኔ ነኝ። ባለፈው ማርች። ውለታቸውን የምመልስ መስሎኝ ሦስት ቅዳሜ ተቀምጬ፣ የመኪናውን፣ የኮምፒውተሩን፣ ቤታቸው ውስጥ የሚሠሩበትን ክፍል፣ ሕግ የሚፈቅደውን ሁሉ አንድ በአንድ ቀነስኩ። ውሸት የለበትም። ትርፉ ሟሙቶ ሲያዩ ግንባሬን ስመው፣ አንቺ ልጅ ከእኔ በለጥሽ አሉኝ። በእኛ ሙያ ሙገሳ ማለት ይህ ነው። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ይባላል። እኔ አሳንሼ ቆረስኩ።

ከማመልከቻው ጋር የተፈረመውን የደመወዝ ወረቀት አንብቤው ቢሆንስ? ጋሼ ሲፈርሙ አጠገባቸው ነበርኩ። ደመወዜን አተኩሬ ማየት ነውር መሰለኝ። አንገቴን ደፍቼ አመሰግናለሁ ብዬ ወጣሁ። ማስተርስ ያላት ሒሳብ ሠራተኛ።

እሑድ፣ ኦክቶበር 9

ለብ. አልነገርኩትም።

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወንዙ ዳር ሄድን። ብ. ከቤተ መጻሕፍት የአሜሪካን የኤሌክትሪክ ደንብ ተውሶ እያጠና ነው። ካርዱ በመጣ በሳምንቱ የሙያ ፈቃድ ፈተና እወስዳለሁ ይላል። ሽቦ በምን ቀለም እንደሚለይ፣ እዚህና አገር ቤት ልዩነቱ ምን እንደሆነ። ዓይኑ በርቷል። እየሰማሁ እህ እላለሁ።

ፈሪ ነኝ። ነገ።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 12። ከሥራ መልስ፣ ባቡር ውስጥ

ጋሼ ጠርተውኝ በሩን ዘጉ። አንድ ገጽ ወረቀት። አምና ዲሴምበር ላይ ልዩነቱን በሙሉ እንደ ቦነስ፣ በጥሬ ገንዘብ፣ ከእሳቸው እጅ መቀበሌን ይናገራል። ቀኑ ያምናው። ከታች ስሜ ተጽፎ መስመር ተሰምሮለታል።

አልተቀበልኩም። አንድም ቦነስ አልነበረም።

«ልጄ፣ እኔ ከዚህ አንድ ሳንቲም አላተርፍም» አሉኝ። «ላንቺና ለዚያ ልጅ ብዬ ነው። ሳይን አድርጊና እንገላገል።»

እውነታቸውን ነው። ቢያስፈራሩኝ እንዴት በቀለለኝ። ሌላ አሠሪ ቢሆን በቼክ እየከፈለ በጓሮ መልሺ ይላል፤ ስንቱን ሰምቻለሁ። እሳቸው በስተርጅና ስማቸውን ለእኔ ሊያበላሹ ነው የተነሱት። ላስብበት ብዬ ወረቀቱን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ከብዶኛል።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 13

ነገርኩት። ሁሉንም። የታክሱን፣ የኢሚግሬሽኑን ጥያቄ፣ የጋሼን ወረቀት።

ብ. ወረቀቱን ቆሞ አነበበው። ታክሱን አንቺ ነሽ የሠራሽው? ሲለኝ አዎ አልኩ። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ በመዳፉ አለሰለሰው።

«ፈርሚ» አለኝ።

አራት ዓመት ሙሉ አዞኝ የማያውቅ ሰው። ከተደረሰበት ሁለታችንም ዳግመኛ እዚህ አገር አንገባም፣ የጋሼም ቢሮ ይዘጋል ብዬ አስረዳሁት።

«እኔ ላይ ከዚህ በላይ ምን ይመጣል?» አለኝ። «አራት ዓመት እዚህ ወንበር ላይ ነኝ።»

ተናደድኩ፣ ከዚያ አፈርኩ፣ ከዚያ ሽንኩርት ከተፍኩ።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 17

አልፈረምኩም።

ጠዋት ወረቀቱን ጋሼ ጠረጴዛ ላይ መለስኩ። አይሆንልኝም፣ ይቅር ይበሉኝ አልኳቸው። አልተቆጡም። እንደውም ቶሎ ነው የቀደዱት፤ ለካ እሳቸውም ሲፈሩ ነበር የሰነበቱት።

ከዚያ በሕይወቴ ያላደረግኩትን አደረግኩ። ደመወዝ ጠየቅኩ። መንግሥት የቆረጠውን ሙሉ ደመወዝ፣ ከአሁን ጀምሮ፣ በቼክ፤ ከተከፈለኝ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም፤ አሮጌውን ትተን እንደ አዲስ እናመልክት አልኩ። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። የቢሮውን የፊት ለፊት ክፍል አከራይቼ እከፍልሻለሁ፣ ይሁን አሉ። ልጅ አባቷን ለመጠየቅ ይሄን ያህል ዓመት ይፈጅባታል? አሉኝ። አለቀስኩ።

ጠበቃዋ ይሠራል ትላለች። ቪዛዬም እስከዚያ ያደርሰኛል። ግን ከዜሮ። ሁለት ዓመት፣ ምናልባት ሦስት።

ለብ. ነገርኩት። እሺ አለ። እሺ ብቻ።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 22

ብ. በዚህ ሳምንት የደንቡን መጽሐፍ ለቤተ መጻሕፍት መልሶታል።

ዛሬ ቁርስ ላይ ተናገረ። አዲስ አበባ ያለ የክፍል ጓደኛው የኃይል ማስተላለፊያ መስመር ሥራ ይዟል። መሐንዲስ ይፈልጋል። ከዚህ አገር በጋ ጀምሮ ሲጽፍለት ነበር፤ እኔ እንዳይከፋኝ ደብቆኛል። በቁጣ አይደለም የነገረኝ። ስለ ማማዎቹ ከፍታ ሲያወራ ወንዙ ዳር ያየሁት ፊት ተመለሰ።

«አትሂድ ካልሽኝ አልሄድም» አለ።

ያን ቃል ነው የፈራሁት። አትሂድ ካልኩት ይቀመጣል። አውቀዋለሁ። ሦስት ዓመት ምሳዬን ይቋጥራል። ቢሄድስ? ሁለት አገር የሚኖር ትዳር ስንት ዓመት ይቆማል? እሱም አያውቅ፣ እኔም አላውቅ። እወደዋለሁ። ይህን እዚህ ጽፌው አላውቅም፤ እንግዲህ ተጻፈ።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 24። በምሳ ሰዓት

በቢሮው ኮምፒውተር ለብ. የአዲስ አበባ ትኬት ገዛሁ። ሳይጠይቀኝ፣ ሳልነግረው። መሄዱ ካልቀረ ከእኔ እጅ ይሁን።

ደርሶ መልስ ነው ወይስ መሄጃ ብቻ ይላል። ደርሶ መልስ ብዙም አይጨምርም። ጣቴን አድርጌበት ነበር። ግን የሚመለስበትን ቀን ሙሊ አለኝ። ዲሴምበር ልበል? የሚቀጥለው ዓመት ፋሲካ? አንዱን ቀን ጽፌ በኋላ መቀየር ይቻል ነበር፣ ሁሉም ሰው የሚያደርገው ነው።

የማላውቀውን ቀን መጻፍ አልሆነልኝም።

መሄጃ ብቻ።